የግራው ጎማ

ፍኖተ ሰላም
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለምናፍቅዎ አባቴ፣ ለአቶ ስመኘው፤

የእግዚአብሔር ሰላም ባሉበት አይለይዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ያን ሁሉ ዘመን መኪና ሥር ተኝተው ያተረፉት ሕመም ነውና ስግደቱን እንዴት ይችሉት ይሆን እያልሁ አስባለሁ። እኛ ደህና ነን። እናቴን ክረምቱን ሙሉ ሳል ይዟት ነበር፤ ከመስቀል ወዲህ ለቋታል። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ብዙ አብቧል። መንገዱ አንድ ሳምንት ሲከፈት አንድ ሳምንት ሲዘጋ፣ ስልኩም እንደ መንገዱ ሲሆን ከርሟል። እርስዎ ያሉበትማ ስልክ ኖሮም አያውቅ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ዲያቆን ውዳሴ ነው። ሰኞ ዕለት የገዳሙን የውኃ መሳቢያ እጀታ በትከሻው ተሸክሞ ከበራችን ቆመ። እጀታው ከሁለት ተሰብሯል።

«አባታችን ስመኘው ናቸው የላኩኝ» አለ። «ከመናኸሪያው ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፤ ልጄ ትበይድልሃለች፣ የእሷ ብየዳ አይለቅም ብለውኛል።»

የእሷ ብየዳ አይለቅም። ይህን ስሰማ የብየዳ መነጽሬን ቶሎ ዓይኔ ላይ አድርጌ ወደ ብረቱ ጎንበስ አልሁ። ዲያቆኑ ፊቴን እንዲያይ አልፈለግሁም።

እጀታውን ሠርቼ ሳስረክበው፣ ሊሄድ ተነሥቶ ሳለ፣ ደስ የሚል ዜና እንደሚነግር ሰው ፈገግ ብሎ፣ «አባታችን አመክሯቸውን ጨረሱ እኮ። አበምኔቱ ፈቅደውላቸዋል፤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ቆብ ይጭናሉ» አለኝ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እጄ ሥራ አልያዘም። የመልስ ጉዞውን እስከ ዓርብ እንዲያቆይልኝ ለመንሁት። እሺ አለ። ይኸው ነገ ይነሣል።

አባቴ፣ ቆቡን ከመጫንዎ በፊት ልነግርዎ የሚገባ ነገር አለ። ነገሩን እርስዎ ያውቁታል። የማያውቁት እኔ ማወቄን ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ በሌላ መንገድ ልጽፈው አልችልም።

እርስዎ ሲሄዱ ቡላን ግቢው ጥግ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ሸራ አልብሰው ተዉት። «ይህን መኪና ማንም እንዳይነካው» ብለው ነበር የሄዱት። ማንም አልነካውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሸራው ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ እኔ በዱላ ከሥር እየገፋሁ አፈሰዋለሁ፤ ከዚያ በቀር አልቀርበውም። ያ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጨረታ ያመጡት፣ መልኩን አይተው እንደ ፈረስ ስም ያወጡለት ላንድክሩዘር፣ ጋቢናው ተጨፍልቆ፣ ግራ ጎኑ ገብቶ፣ እንደ ሬሳ ተሸፍኖ ከእኛ ጋር ኖረ።

እናቴ ልትሸጠው ሦስት ጊዜ ሰው አመጣች። ብረት ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ ቆራርጠው ሊወስዱት። አንድ ጊዜማ ሸራውን ገልጠው መቁረጫቸውን ማውረድ ጀምረው ነበር። እኔ እንቢ አልሁ። «የወንድሜ የባምላኩ እጅ ያለበትን ነገር ለብረት አልሰጥም» ብዬ ጮኽሁባት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ገባች። ለምን እንዲህ እንደቸኮለች ያን ጊዜ አልገባኝም። ማየት ስለሚያሳምማት ነው ብዬ ነበር።

ባለፈው መስከረም የባምላኩን ልብሶች ለድሆች እንስጥ ብለን ሳጥኑን ከፈትን። ከታች አንድ ደብተር አገኘሁ። ውስጡ ያለችውን ስዕል እርስዎም ሳያዩዋት አይቀሩም። ቡላን ከጎን ስሎታል፤ ካሶኒው ላይ የበቆሎ መፈልፈያ አስቀምጧል፤ ለመጎተቻው ዊንች ተብሎ ከካምቢዮው ጎን ከተሠራው መውጫ ዘንግ አውጥቶ ወደ ኋላ ወስዶታል። ከሥሩ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቱ፣ «ቡላ ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይፈለፍላል። መኪና የማይደርስበት ቀበሌ አይኖርም። ብየዳ፡ አይኔ» ብሎ ጽፏል። እኔን የሚጠራበት ስም ነው፤ ከእሱ ሌላ አይኔ ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም።

በማግስቱ ሸራውን አነሣሁት።

እናቴ ከቤት ወጥታ አየችኝ። «ተይው፣ አንች ልጅ» አለች። «የሞተ ነገር አትቀስቅሽ።» «እማ፣ እሱ የጀመረውን ልጨርሰው ነው» አልኋት። «እንግዲህ ፈቃዱ ይሁን» አለች። የማን ፈቃድ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሥራውን ቢያዩት ደስ ይልዎ ነበር፤ ወይም ይስቁብኝ ነበር። ሻንሲው በግራ በኩል አራት ጣት ያህል ታጥፎ ነበር። እሳት እያነደድሁ፣ በሁለት ክሪክ እየገፋሁ፣ በገመድ እየለካሁ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የጋቢናውን ጣሪያ ቆርጬ ጣልሁትና ቡሬ ከአንድ ጋራዥ ጓሮ ወድቆ ካገኘሁት ሌላ ጋቢና የተቆረጠ ጣሪያ ገጠምሁለት። ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ አልቀየርሁትም። የኋላው ባለስትራ የመፈልፈያውን ክብደት ስለማይችል በየጎኑ አንድ አንድ የብረት ቅጠል ጨመርሁ፤ ቡላ አሁን ከድሮው ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። የፍሬን መስመሩን በሙሉ አዲስ አደረግሁ። ሞተሩን ግን ምንም አላልሁትም። የናፍጣውን ታንክ አጥቤ፣ አየሩን አውጥቼ፣ ባትሪ ሳስርበት በሦስተኛው ተነሣ። እናቴ ድምፁን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን እንስራ ለቀቀችው።

የፊቱን ግራ ጎማ ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። ባምላኩን የገደለው እሱ እንደሆነ እናውቃለንና፣ እጄ አልሄድ ብሎኝ ነው።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት የማይቀረው ቀን መጣ። መጀመሪያ ቀኙን ፈታሁ። የመሪው ዘንግ ጫፍ እንደታሰረ አለ። ዳዶው ጠብቋል። ዳዶው እንዳይፈታ የምንሰካበት ሽቦ፣ ኮፒሊያው፣ በቦታው አለ፤ አንዱ እግሩ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ታጥፎ፣ ጫፎቹ በፒንሳ ተቆርጠው። ይህ የእርስዎ እጅ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ አያጥፍም።

ከዚያ ወደ ግራው ዞርሁ። ዘንጉ ተንጠልጥሏል። ዳዶው የለም። የዘንጉ ጥርስ ግን አልተበላም፤ እንደ አዲስ ነው። የኮፒሊያውን ቀዳዳ በናፍጣ አጥቤ ብርሃን አበራሁበት። ኮፒሊያ ገብቶ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ቁራጩ እዚያው ውስጥ ይቀር ነበር፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቀዳዳው ባዶ ነው። ወዲያ ማዶ የእናቴ የጎመን መደብ ታየኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ያን ጊዜም፣ «አባቴ ረሳው» ነው ያልሁት። ሦስት ዓመት በልቤ የያዝሁት ነገር ስለነበር ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ የብየዳው ፍንጣሪ የምለብሰውን ቱታ ስለበሳሳው አሮጌውን ሰማያዊ ቱታዬን ከሳጥን አወጣሁ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ለብሼው አላውቅም ነበር። የደረት ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት ጣቴን አንድ ነገር ወጋኝ። አውጥቼ አየሁት። ኮፒሊያ ነው። አዲስ፣ ያልታጠፈ፣ ከመጣበት ወረቀት ጋር።

አባቴ፣ ቁጭ አልሁ። መሬት ላይ፣ ጎማው ሥር። የዚያ ቀን ጠዋት እንዳለ ተመለሰልኝ።

ባምላኩ ከፈረስ ቤት ድንች ሊያመጣ ተቻኩሏል። መሪው ይንቀጠቀጣል ስላለ የሁለቱንም የፊት ጎማ የመሪ ዘንግ ጫፍ ልንቀይር ገብተናል፤ እርስዎ በቀኝ፣ እኔ በግራ። ሁለት ኮፒሊያ ነበር። አንዱን ለራስዎ ወሰዱ፤ አንዱን ለእኔ ሰጡኝና፣ «ዳዶውን አጥብቀሽ ከቋጠርሽ በኋላ ነው እንግዲህ» አሉኝ። ኪሴ ከተትሁት። ዳዶውን በእጄ አሽከርክሬ አስገባሁት። ረጅሙን ቁልፍ ላነሣ ስል ስልኬ ጮኸ። ከባሕር ዳር ነበር፤ ለብየዳ አሠልጣኝነት ያመለከትሁበት ሥራ። ተቀብለንሻል አሉኝ። ስልኩን እንደያዝሁ ወደ ማድቤት ሮጥሁ። እናቴ እልል አለች። እርስዎ የቀኙን ጨርሰው ናፍጣ ሊያመጡ ወጥተው ነበር።

እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ሳለሁ ባምላኩ ከውጭ ተጣራ።

«አይኔ! አለቀ?»

እሱ የጠየቀኝ ስለ ጎማው ነው። እኔ ግን ሥራውን ነው የሰማሁት። «አለቀ! አለቀ!» አልሁት፤ እየሳቅሁ፣ እየጮኽሁ። ስወጣ ጎማውን አስገብቶ፣ ክሪኩን አውርዶ፣ ቡላን አስነሥቶ ነበር። እርስዎም ናፍጣውን ይዘው ደርሰው ታንኩ ላይ ገለበጡለት። በመስኮት ጎትቶ ግንባሬን ሳመኝ። «መምህርት! ስመለስ ትጋብዥናለሽ» አለኝ።

ከፈረስ ቤት ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ግራው ጎማ መሪውን ትቶ እንደተጠማዘዘ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ፍሬን የያዘበት ምልክት እንደታየ፣ እርስዎ ያውቁታል። እኔ አልጽፈውም።

የምጽፈው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ፖሊሱ ግቢያችን መጥቶ፣ «ትናንት የፊቱን ጎማ የሠራው ማን ነው?» ሲል እኔ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ። «በቀኝም በግራም?» አለ። «በቀኝም በግራም። ሌላ ሰው እጁን አላስገባም» አሉና ፈረሙለት። እኔም የሰማሁትን አመንሁ። ስልክ ሳወራ እርስዎ ተመልሰው የግራውን የጨረሱት መሰለኝ። ጭንቅላቴ ሌላ ነገር ሊቀበል አልቻለም፤ ወይም አልፈለገም። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።

በሠልስቱ ያልሁትን ግን አውቃለሁ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ካህናቱ ነበሩ፣ የእናቴ ዘመዶች ከቡሬ መጥተው ነበር። እርስዎ ውኃ ጠጪ ብለው ብርጭቆ ይዘውልኝ መጡ። እጅዎን መታሁት። «በዚህ እጅዎ ነው ወንድሜን የገደሉት» አልሁ። ሰው ሁሉ ሰማ። እርስዎ የተሰበረውን ብርጭቆ ከመሬት እየለቀሙ፣ «አዎ ልጄ። በዚህ እጄ ነው» አሉ።

ከዚያ እስከ አርባው አንድ ቃል አልተናገርሁዎም። ምሳዎን አስቀምጬ ዞር እል ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ የእናቴን ፈቃድ ጠይቀው፣ ጋቢዎን ለብሰው፣ መሣሪያዎን በሙሉ አጥበው ዘይት ቀብተው በመጠን በመጠናቸው ደርድረውልኝ ሲሄዱ፣ ከበር አልሸኘሁዎም። በመስኮት አየሁዎ። መንገዱ ላይ ቆመው ወደ ቤቱ አንድ ጊዜ ዞረው አዩ። እኔም ከመስኮቱ ፈቀቅ አልሁ።

እርስዎ ያን ጊዜ ሁሉንም ያውቁ ነበር። የተሰበረው መኪና በሌላ መኪና ተጎትቶ ሲመጣ መጀመሪያ ያዩት እርስዎ ነዎት። ግራውን ማን እንደያዘ ያውቃሉ። አንድ ቃል ቢናገሩ ያ ሁሉ ነገር ከእርስዎ ትከሻ ወርዶ እኔ ላይ ይሆን ነበር። እርስዎ ግን መኪናውን ሸራ አለበሱት።

ኮፒሊያውን ካገኘሁ በኋላ ከሁለት ወር በላይ ለማንም አልተናገርሁም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ቡላንም ልተወው አልቻልሁም። የግራውን አዲስ ዘንግ ገጠምሁ፤ ዳዶውን በረጅሙ ቁልፍ ቋጠርሁ፤ ኮፒሊያ ሰካሁ፤ ፈትቼ እንደገና ሰካሁ። ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አልቆጠርሁም። እናቴ ከማድቤት በር ታየኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ሞተሩ የተቃጠለ መፈልፈያ ከቡሬ አመጣሁና ካሶኒው ላይ አሰርሁት። ዘንጉን ባምላኩ እንደሳለው አወጣሁት፤ አንድ ቦታ ብቻ ስዕሉ ተሳስቶ ነበር፣ ቺንጋው ከኋላው ጎማ ጋር ይነካካል። አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አስገባሁት። «ተሳስተሃል» አልሁት፤ ድምፄን አውጥቼ፣ ብቻዬን። ሁልጊዜ እንደምንከራከረው ሊከራከረኝ የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሥራ የሠራነው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ፣ አያ ገነነ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ነው። መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ሌላ መኪና አይገባም። የምነዳው እኔ ነኝ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር አቆማለሁ፤ ወርጄ በግራ በኩል ተንበርክኬ አያለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ። አብሮኝ የነበረው የአያ ገነነ ጎረቤት መጀመሪያ ጎማ የተነፈሰ መስሎት ነበር። በአራተኛው መጠየቁን ተወ።

የአያ ገነነ በቆሎ እንደ ጎጆ ተከምሯል። ዘንጉን አስገብቼ ቡላን ስቀሰቅሰው መፈልፈያው ጮኸ፤ ፍሬው በአንድ በኩል፣ ቆረቆንዳው በሌላ በኩል ይወርድ ጀመር። ሴቶቹ በዱላ ሲወቁ ሳምንት የሚፈጅባቸው ነገር ነው፤ ከረፋድ እስከ ምሳ አለቀ። ሽማግሌው ፍሬውን በእፍኛቸው እያነሡ ይስቃሉ።

«ይህን ያሰበው ማን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው» አልኋቸው።

«እጁ ይባረክ! ምነው ሳታመጭው? የት ነው ያለ?»

«ሩቅ ነው» አልሁ።

«በሰላም ይመልሰው» አሉ። ከዚያ ሁለት እጆቼን ይዘው፣ «የአንችም እጅ ይባረክ» ብለው ሊስሟቸው ጎንበስ ሲሉ እጆቼን ነጠቅኋቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። እኔም ሞተሩን አጥፍቼ ከቡላ ማዶ ሄጄ አለቀስሁ። ሴቶቹ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ፤ ምን ሆነሽ ብለው አልጠየቁኝም። የገጠር ሰው ደግነቱ ይህ ነው።

ጥር ሙሉ እንዲህ ከግቢ ግቢ ስንዞር ቆየን። በየደረስሁበት ይመርቁኛል። በየደረስሁበት የመካኒኩ የስመኘው ልጅ ይሉኛል። አንዳንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ልጁን የገደለው» ይላል። ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ። አባቴ፣ በእርስዎ ስም ላይ የተለጠፈውን ይህን ነገር ስሰማ ዝም ማለቴን ይቅር ይበሉኝ።

ዲያቆን ውዳሴ ስለ ቆቡ የነገረኝ ሰኞ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ሄጄ ቁጭ አልሁ።

«እማ» አልኋት፣ «የግራው ጎማ የእኔ ነው።»

እጇ አልቆመም። አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂ?» አልኋት።

«አባትሽ ሊሄዱ ሲሉ ነገሩኝ። እሁድ ነበር፤ ከቅዳሴ ስንመለስ። አንች ሳታውቂ እንድትኖሪ በማርያም አስማሉኝ። ብረቱን ልሸጥ ያን ያህል የለፋሁት ለምን መሰለሽ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ይዘሽ ነው ፊቴን የምታይው?»

ያን ጊዜ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ታዲያ ወዴት ልይ?» አለችኝ። «አንዱን ቀበርሁ። ባሌን ለገዳም ሰጠሁ። አንችን ወዴት ላድርግሽ? ሌሊት ስትገላበጪ እሰማለሁ፤ አወቀች ይሆን እላለሁ፤ ጠዋት ስትስቂ አይ አላወቀችም እላለሁ። ይኸው ነው ኑሮዬ።» ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ፀጉሬ ውስጥ የገባውን የብረት ፍቅፋቂ ትለቅምልኝ ጀመር። ፀሐይዋ ግቢውን እስክትለቅ እንዲሁ ነበርን።

አባቴ፣ እኔ ልመክርዎ የምችል ሰው አይደለሁም። ስለ ገዳምና ስለ ቆብ የማውቀው የለም። ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ቆቡን የሚጭኑት ለእግዚአብሔር ብለው ከሆነ ይጫኑ፤ እጅዎን እሳለማለሁ፣ በረከትዎም ይድረሰኝ። የእኔን ጥፋት ተሸክመው ለመቅረት ብለው ከሆነ ግን አይጫኑት። ጥፋቱ ባለቤት አለው። ለንስሐ አባቴ ትናንት ተናግሬያለሁ። የባምላኩ ሦስተኛ ዓመት የፊታችን ማክሰኞ ነው፤ የካቲት አራት። ካህናቱ ይመጣሉ፤ የእናቴ ዘመዶችም መንገድ ከተከፈተ ይመጣሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ተነሥቼ፣ በእርስዎ ላይ በጮኽሁበት በዚያው ስፍራ ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ። እናቴ «ግድ ነው ወይ?» አለችኝ። ግድ ነው አልኋት። የስመኘው እጅ በቀኝ በኩል የሠራው እስከ ዛሬ እንዳልተፈታ እናገራለሁ።

በሠልስቱ ያልሁትን ቃል ማንሣት አይቻልም። የተሰበረ ብርጭቆ ሲለቅሙ አንድ ጣትዎ ደምቶ ነበር፤ አይቼ ዝም አልሁ። ስለ ሁሉም፣ ስለዚያች ጣትም ጭምር፣ ይቅር ይበሉኝ። ከበር ስላልሸኘሁዎም ይቅር ይበሉኝ።

ደህና ነሽ ወይ ቢሉኝ፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፤ ሥራ አለኝ፤ እናቴን አልተዋትም። የባሕር ዳሩን ሥራ አልሄድሁበትም፤ ያን ጊዜ ሐዘን ላይ ነኝ ብዬ ተውሁት፤ አሁን ደግሞ ለሰው ልጅ ብየዳ የማስተምርበት ድፍረት የለኝም። ቀስ እያለ ይመጣ ይሆናል።

እናቴ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ያልነገርኋትን ሁሉ አነበብሁላት። በመጨረሻ፣ «እማ፣ ይምጡ ብዬ ልጻፍ?» አልኋት። የነጠላዋን ጥለት ስትዳብስ ቆየችና፣ «ቆብ ሲጫን ስም ይለወጣል ይባላል» አለች። «አዲሱ ስማቸው ማን እንደሚሆን ጠይቂልኝ። ማታ ማታ ለጸሎት ስማቸውን ስጠራ እንዳልሳሳት ነው።» ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ደብዳቤውን እስክጨርስ አልወጣችም።

የጠየቀችኝን ጽፌልዎታለሁ። መልሱን ለእሷ ይላኩላት።

ባምላኩን ያኑርልን የምንልበት ጊዜ አልፏልና፣ ነፍሱን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። እርስዎን ከክፉ ይጠብቅልን፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። በጸሎትዎ እናቴን ሸጋዬን አይርሷት። እኔንም፣ ስሜን መጥራት ካልከበደዎ።

ልጅዎ
አይናለም ስመኘው